በረዶው ሳይቀልጥ መለካት፦ የማቀዝቀዣን የዲፍሮስት ብልሽት በቤት ውስጥ ለመጠገን የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ፍሪዘሩ ሥጋ እያደረቀ የታችኛው ክፍል ግን ወተት ማሳደር ያቃተው ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ የሚታከመው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፦ ስፒናው ይነቀላል፣ በሩ ተከፍቶ ያድራል፣ በማግስቱ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ውኃ ተወልውሎ እንደገና ይሰካል። በእርግጥም ይሠራል። ለአሥር ቀን ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል እንደ አዲስ ካቀዘቀዘ በኋላ ግን ያው ሕመም ያገረሽበታል፤ ባለቤቱም «ጋዙ አልቋል» ወደሚል መደምደሚያ ይሄዳል። ጋዙ ያለቀ ማቀዝቀዣ በረዶው ስለቀለጠለት ብቻ ለሁለት ሳምንት አያገግምም። እየዳነ የሚመላለስ ሕመም ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በረዶውን በየጊዜው የሚያራግፈው ክፍል፣ ማለትም ዲፍሮስቱ ነው።

ይህን ክፍል መጠገን የጋዝ መሙያ መሣሪያም ሆነ ልዩ ሙያ የማይጠይቅ፣ ጥንቁቅ ሰው በግማሽ ቀን ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው። ከባዱ ነገር ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። በረዶው ራሱ ብልሽቱን የሚናገር ማስረጃ ስለሆነ፣ ከዚህም በላይ ከሚለኩት ዕቃዎች አንዱ በትክክል ሊለካ የሚችለው በቀዘቀዘበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉን ነገር አቅልጦ ምርመራ የሚጀምር ሰው ግማሹን መረጃ ከውኃው ጋር ደፍቶታል ማለት ነው።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

በረዷቸውን ራሳቸው በሚያራግፉት፣ ኖ ፍሮስት በሚባሉት ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ቅዝቃዜው የሚፈጠረው ከፍሪዘሩ የኋላ ግድግዳ ጀርባ በተደበቀው ኢቫፖሬተር ላይ ነው። ኢቫፖሬተር እንደ መኪና ራዲያተር በቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች የታጀበ ጥምዝምዝ ቱቦ ሲሆን፣ አንዲት ትንሽ ፋን አየሩን በቅጠሎቹ መካከል እየሳበች ከፊሉን በፍሪዘሩ ውስጥ ታዘዋውራለች፤ ከፊሉን ደግሞ በአየር መተላለፊያ በኩል ወደ ታችኛው ክፍል ትልካለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው አየር እርጥበቱን የሚጥለው እዚሁ ቱቦ ላይ በመሆኑ ቅጠሎቹ ቀስ በቀስ አመዳይ ይለብሳሉ። አመዳዩ በጊዜው ካልተራገፈ ወደ ግግር በረዶ ተለውጦ በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል፤ አየሩ መሄጃ ሲያጣም መጀመሪያ የሚጎዳው ከምንጩ የራቀው የታችኛው ክፍል ነው። ፍሪዘሩ የበረዶው ጎረቤት ስለሆነ ለተወሰነ ጊዜ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም «ፍሪዘሩ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ከታች ነው» ብሎ የታችኛውን ክፍል መነካካት ሲጀምር ነው።

አመዳዩን የማራገፉን ሥራ አራት ዕቃዎች ይከፋፈሉታል። ሂተሩ ከኢቫፖሬተሩ ሥር ወይም በቅጠሎቹ መካከል የተዘረጋ፣ በመስታወት ቱቦ ወይም በብረት ሽፋን ውስጥ ያለ የማሞቂያ ሽቦ ነው። ሁለተኛው ከኢቫፖሬተሩ የላይኛው ቱቦ ላይ በመቆንጠጫ የተያዘው ክብ የዲፍሮስት ቴርሞስታት ሲሆን፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪዎች ሲወርድ መስመሩን ያገናኛል፣ በረዶው ቀልጦ ቱቦው ከዜሮ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ይቆርጠዋል። ሦስተኛው ቴርማል ፊውዝ የሚባለው ነው፤ ቴርሞስታቱ መቁረጥ ተስኖት ሙቀቱ ወደ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቢደርስ አንዴ ይቃጠልና መስመሩን ለዘለቄታው ይቆርጠዋል። እነዚህ ሦስቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ብቻ ከተቋረጠ ሂተሩ አይሞቅም። አራተኛው አዛዡ ነው። በቆዩት ሞዴሎች አዛዡ በየ6 ወይም በየ12 ሰዓቱ ገደማ ኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም ጋዙን እየጨመቀ የሚያዘዋውረውን ሞተር፣ አቁሞ ሂተሩን ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል የሚያበራ ጥርሳም ታይመር (ሰዓት ቆጣሪ) ሲሆን፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ነው። ቦርድ ባላቸው ማቀዝቀዣዎች ላይ በክቡ ቴርሞስታት ፈንታ፣ አንዳንዴም ከእርሱ ጋር አብሮ፣ ሙቀቱን ለቦርዱ የሚነግር ሴንሰር ይገኛል።

በረዶ በእጅ የሚራገፍላቸው፣ የበረዶ ሳጥናቸው ዙሪያውን ራሱ የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ በር ማቀዝቀዣዎች ይህ ሥርዓት የላቸውም፤ እነርሱ ላይ በረዶ ቢከመር የተፈጥሮ ነው፤ ይህ መመሪያም አይመለከታቸውም።

ዕቃ ከመፍታትዎ በፊት

ሁለት ቀላል ነገሮችን ያረጋግጡ። የመጀመሪያው የበሩ ጎማ ነው፤ አንድ ወረቀት በጎማውና በበሩ ማዕቀፍ መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ እርጥብ አየር በዚያ ቦታ ቀንና ሌሊት እየገባ ነው፤ ጤነኛ ዲፍሮስትም ቢሆን ይህን ያህል አመዳይ ማሸነፍ አይችልም። እንዲህ ያለው በረዶ ብዙ ጊዜ ከኋላው ግድግዳ ይልቅ ወደ በሩ ቀረብ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ፋኗ ናት። ብዙ ማቀዝቀዣዎች በሩ ሲከፈት ፋኗን ስለሚያቆሟት፣ ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ሳለ የበሩን መጫኛ ማብሪያ በጣትዎ ተጭነው ያዳምጡ። ድምፅዋ ከተሰማ ደህና ናት። ምንም ካልተሰማ ወይ ሞተሯ ሞቷል ወይ በረዶ አንቋታል፤ የሚንኳኳ ወይም የሚፋተግ ድምፅ ከሆነ ደግሞ በረዶው ክንፏ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

ከዚያ ስፒናውን ይንቀሉ። በመቆጣጠሪያ ቁልፉ «ጠፍቷል» ማለት አይበቃም፤ ስፒናው ከሶኬቱ ወጥቶ በዓይን በሚታይ ቦታ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣው ኢንቨርተር የሚባለው፣ የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት በቦርድ የሚቀያይረው ዓይነት ከሆነ ቦርዱ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ከነቀሉ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይነኩት ይጠብቁ። በተጨማሪም በኮምፕሬሰሩ ላይ ወይም በውስጠኛው ግድግዳ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። አር-600ኤ የሚል ጽሑፍ ወይም የእሳት ምልክት ያለበት ሦስት ማዕዘን ካዩ፣ በውስጡ ያለው ጋዝ አይሶቡቴን ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ተቀጣጣይ ነው። ስለዚህ ክፍሉ አየር የሚገባበት ይሁን፤ ክብሪት፣ ሻማና ማንኛውም ነበልባል አይቅረብ።

ለሥራው የሚያስፈልጉት መስቀልና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ወፍራም ጓንት፣ ሁለት ሦስት ፎጣ፣ ሰፋ ያለ ትሪና የእጅ ባትሪ ናቸው። ጓንቱን ችላ አይበሉት፤ የኢቫፖሬተር ቅጠል እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ በቀዘቀዘ እጅ ላይ ደግሞ ቁስሉ የሚታወቀው ደሙ ከታየ በኋላ ነው። ምግቡን በረዶ ወዳለበት ሳጥን ያዛውሩ። ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ምግብ ከ4 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ባይበላ ይመረጣል።

ግድግዳውን መክፈትና በረዶውን ማንበብ

የፍሪዘሩን መደርደሪያዎችና መሳቢያዎች አውጥተው የኋላውን ሽፋን የያዙትን ብሎኖች ይፍቱ፤ አንዳንዶቹ በትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ሥር ተደብቀዋል። ሽፋኑ ብሎኖቹ ሁሉ ወጥተውም እምቢ ካለ የያዘው በረዶ ነው። በዚህ ጊዜ በኃይል መጎተት ሽፋኑን ይሰነጥቃል፤ ከኋላ የተያያዘውን የፋን ሽቦም ሊበጥስ ይችላል። በሞቀ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ በሽፋኑ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይለጥፉና ጠርዙን ቀስ ብለው እያላቀቁ ያውጡት። ዓላማው ሽፋኑን ማስለቀቅ ብቻ ነው፤ ከኋላው ያለው በረዶ ለጊዜው ይቆይ።

አሁን የእጅ ባትሪዎን አብርተው ይመልከቱ፤ ፎቶም ያንሱ፤ ፎቶው ኋላ ሽቦ ሲመልሱም ይጠቅምዎታል። ኢቫፖሬተሩ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ በነጭ በረዶ ከተሸፈነና ቅጠሎቹ ከነጭራሹ የማይታዩ ከሆነ፣ ጋዙ ሙሉውን ቱቦ እያዳረሰ ነው፤ የጎደለው የማራገፍ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነዎት። በረዶው በአንድ ጥግ ብቻ፣ ጋዙ በሚገባበት በኩል እንደ ኳስ ተጠቅልሎ የቀረው ቱቦ ደረቅና ባዶ ከሆነ ግን ነገሩ የጋዝ ማነስ ወይም የመስመር መዘጋት ነው። ምንም አመዳይ ከሌለ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ወይም ጋዙ ነው የሚጠረጠረው። በሁለቱም ሁኔታ ሽፋኑን መልሰው ባለሙያ ይጥሩ፤ ሂተርም ቴርሞስታትም ቢቀይሩ የሚለወጥ ነገር የለም። አራተኛ መልክም አለ፦ ኢቫፖሬተሩ ንጹሕ ሆኖ ከሥሩ ያለው አሸንዳ ብቻ በወፍራም ጥርት ባለ በረዶ ከተሞላ ሂተሩ ሥራውን እየሠራ ነው፣ የተዘጋው የውኃ መውረጃው ነው፤ በቀጥታ «የውኃ መውረጃው» ወደሚለው የመመሪያው ክፍል ይለፉ።

መለካት፣ በረዶው እንዳለ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የዲፍሮስት ቴርሞስታት ሲቀዘቅዝ የሚያገናኝ፣ ሲሞቅ የሚቆርጥ ዕቃ ስለሆነ፣ ጤነኛው ቴርሞስታት በሞቀ ክፍል ውስጥ ሲለካ የሞተ ይመስላል። በአንጻሩ አሁን፣ በረዶ ውስጥ እንደተቀበረ ቢለኩት መልሱ ግልጽ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የእርሱን ሁለት ሽቦዎች ይከተሉና ማገናኛቸውን ይፍቱ፤ ቴስተሩን መስመር መኖሩን በድምፅ ወደሚያሳውቀው ቦታ አዙረው በሁለቱ ጫፎች ይንኩ። ቴስተሩ ከጮኸ፣ ወይም በኦም፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ተቃውሞን በሚለካው ቦታ፣ ሲለኩት ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ካሳየ ደህና ነው። በረዶ ውስጥ ሆኖ ዝም ካለ ሞቷል። ሆዱ ያበጠ፣ ክዳኑ የተነሣ ወይም ውኃ የገባበት የሚመስል ቴርሞስታት ካዩ ደግሞ ቢጮኽም አይመኑት፤ ዛሬ ሠርቶ ነገ የሚቆም ነው።

በረዶው አስቀድሞ ከቀለጠብዎ አሁንም መንገድ አለ። ሦስት እጅ የተፈጨ በረዶ ከአንድ እጅ ጨው ጋር ቢቀላቀል ሙቀቱ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ቴርሞስታቱን በቀጭን ላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው፣ ሽቦዎቹን ወደ ውጭ ትተው በዚህ ድብልቅ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ይቅበሩትና ይለኩት። ከዚያ አውጥተው በእጅዎ ጨብጠው ያሙቁት፤ ትንሽ ቆይቶ በውስጡ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማና ቴስተሩ ዝም ይላል። ሁለቱንም ካደረገ ጤነኛ ነው። ሞቆም የሚጮኽ ከሆነ ተጣብቋል፤ ይህኛው ብልሽት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሂተሩን ማቆም የሚገባው እርሱ ነበር።

ቀጥሎ ሂተሩን ይለኩ። ሁለቱንም ጫፎቹን ከመስመሩ ካላቀቁ በኋላ ቴስተሩን ኦም ላይ ያድርጉ። የሚጠበቀውን ቁጥር ለማወቅ በሂተሩ ወይም በማቀዝቀዣው ጽሑፍ ላይ ያለውን ዋት ይዘው የቮልቱን ካሬ ለእርሱ ያካፍሉ፦ በ220 ቮልት የሚሠራ የ200 ዋት ሂተር 242 ኦም ገደማ፣ የ150 ዋት ሂተር ደግሞ 323 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። በዚህ ልኬት ላይ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ቴስተሬ 200 ኦም በሚለው ቦታ ላይ ስለነበር የሂተሩ ቁጥር ከመለኪያው ጣሪያ አለፈ፤ ስክሪኑም በግራ በኩል አንዲት «1» ብቻ አሳይቶ ዝም አለ፤ እኔም ተቋርጧል ብዬ ጥሩውን ሂተር ጣልኩት። አዲሱን ገጥሜ ስለካው ያችው «1» ስትመጣ ነው ጥፋቱ የማን እንደሆነ የገባኝ። ስለዚህ ቴስተርዎ ክልሉን ራሱ የማይመርጥ ከሆነ 2000 ኦም በሚለው ላይ ያድርጉት። እዚያም ምንም ቁጥር ካልመጣ ሂተሩ በእርግጥ ተቋርጧል። መስታወቱ ከውስጥ የጠቆረ ወይም የተሰነጠቀ ሂተርም እንዲሁ መቀየር አለበት። በተጨማሪ አንዱን የቴስተር ጫፍ በሂተሩ ሽቦ፣ ሌላውን በብረት አካሉ ላይ አድርገው ይለኩ፤ እዚህ ምንም ንባብ መኖር የለበትም፤ ካለ ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ እያመለጠ ነው።

ቴርማል ፊውዙ አጭር ጉዳይ ነው፦ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም መጮኽ አለበት፤ ካልጮኸ ተቃጥሏል። ሆኖም ፊውዝ ያለ ምክንያት እምብዛም አይቃጠልም። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው ያ የተጣበቀው ቴርሞስታት ስለሆነ ሁለቱን አብሮ መቀየር ያዋጣል። በአንዳንድ ሞዴሎች ሁለቱ በአንድ ገመድ ተያይዘው ስለሚመጡ ይህ ራሱ ይፈታል። ፊውዙን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ሂተሩ የሚግለው በፕላስቲክና በፎም በተከበበ ዝግ ሳጥን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓትም ጭምር ነው፤ በእርሱና በእሳት መካከል የመጨረሻው አጥር ይህ ትንሽ ዕቃ ነው።

ሴንሰር ካለው ሴንሰሩን ነቅለው በረዶ በሞላበት ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያኑሩት፤ በረዶና ውኃ አብረው እስካሉ ድረስ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ነው። ጤነኛ ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ኦሙ ይጨምራል፤ ለምሳሌ በ25 ዲግሪ 10 ሺህ ኦም የሚያሳየው ዓይነት በዜሮ ዲግሪ ወደ 30 ሺህ ኦም ይጠጋል። ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ ከማቀዝቀዣው የቴክኒክ ወረቀት ጋር ያመሳክሩ፤ ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ በኮምፕሬሰሩ ክዳን ወይም ከማቀዝቀዣው ግርጌ ባለው ሽፋን ጀርባ ተጣጥፎ ይገኛል። ንባቡ የሚዘልል፣ ወይም በብርድም በሙቀትም ባለበት የሚቆም ከሆነ ሴንሰሩ አይታመንም።

ማቅለጥ

ልኬቱ ካለቀ በረዶው ሥራውን ጨርሷል፤ አሁን ይቅለጥ። በጣም ጥሩው መንገድ ጊዜ ነው፦ በሩን ከፍተው፣ ከሥር ትሪና ፎጣ ዘርግተው፣ ከፊት ለፊቱ ፋን አቁመው ይተዉት። ለማፋጠን በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ በቅጠሎቹ ላይ ማስደገፍና መለዋወጥ፣ ወይም ሰፊ የሙቅ ውኃ ድስት በፍሪዘሩ ወለል ላይ አስቀምጦ በሩን መግፋት ይቻላል። የፀጉር ማድረቂያ የሚጠቀም ሰው በዝቅተኛ ሙቀት፣ እያንቀሳቀሰ፣ ከውኃው አርቆ ይያዘው፤ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ የውስጡን ፕላስቲክ ያጣምመዋል፤ ጋዙ አይሶቡቴን በሆነበት ማቀዝቀዣ ላይ ደግሞ እኔ ፎጣውን እመርጣለሁ።

ቢላዋ፣ ካቻቢቴና ማንኛውም ሹል ነገር ወደ በረዶው አይጠጋ። የአሉሚኒየም ቱቦው ግድግዳ ስስ ነው፤ በረዶው ውስጥ የት ጋ እንዳለፈም አይታይም። አንዲት ቀዳዳ «ፍሽሽ» ካለች የግማሽ ቀን ጥገናው ወደ ሙሉ የጋዝ ሥራ ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜም ማቀዝቀዣውን ለመጣል ምክንያት የሚሆነው ይኸው ነው።

አዲሱ ሂተር ራሱ እንዲያቀልጠው መተውም አይሠራም። አንድ ኪሎ በረዶ በዜሮ ዲግሪ ወደ ውኃ እስኪለወጥ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይፈልጋል፤ የ200 ዋት ሂተር ሙቀቱን አንዳች ሳያባክን ቢሰጠው እንኳ 28 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ይህም አንድ ሙሉ የዲፍሮስት ዙር ነው። የተበላሸ ማቀዝቀዣ ኢቫፖሬተር ላይ የሚከመረው በረዶ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጠሎቹ፣ የፋኗ መቀመጫ፣ አሸንዳውና ወደ ታችኛው ክፍል የሚወርደው የአየር መተላለፊያ ሁሉም በእጅ ሙሉ በሙሉ ይጽዱ። የአየር መተላለፊያው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ውስጡ በረዶ ከቀረ ሌላው ሁሉ ተጠግኖ የታችኛው ክፍል ሙቅ እንደሆነ ይቀራል።

ሦስቱም ጤነኛ ከሆኑ፦ ታይመሩና ቦርዱ

ሂተሩ፣ ቴርሞስታቱና ፊውዙ ከፈተናው ካለፉ ጥርጣሬው ወደ አዛዡ ይዞራል። ጥርሳሙ ታይመር ከታችኛው ክፍል የሙቀት መቆጣጠሪያ ሳጥን ጀርባ ወይም ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ይገኛል፤ በካቻቢቴ የሚዞር ቀዳዳ ያለው ትንሽ ነጭ ወይም ጥቁር ሳጥን ነው። ማቀዝቀዣው እየሠራና ኢቫፖሬተሩ በቂ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ቀዳዳውን በሰዓት አቅጣጫ ብቻ ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ «ጠቅ» ሲል ኮምፕሬሰሩ ይቆማል። ከደቂቃዎች በኋላ ፍሪዘሩ ውስጥ ውኃ የጋለ ብረት ላይ እንደ ወደቀ ያለ «ችስ ችስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ሂተሩ እየሠራ ነው፤ እንግዲህ የተበላሸው ራሱን ማዞር ያቃተው ታይመር ነው። ለማረጋገጥ የቀዳዳውን አቅጣጫ በእርሳስ ምልክት አድርገው ኮምፕሬሰሩ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ ይመልከቱ፤ ምልክቱ ንቅንቅ ካላለ የታይመሩ ሞተር ሞቷል።

ቦርድ ባለው ማቀዝቀዣ ላይ ብዙ ጊዜ ዲፍሮስትን በግድ የሚያስጀምር የቁልፎች ጥምረት አለ፤ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ ከቴክኒክ ወረቀቱ ያገኙታል። ብዙዎች በዚህ ደረጃ ኤሌክትሪክ ያለበትን መስመር በቴስተር መለካት ይፈልጋሉ። ሙያው ለሌለው ሰው አልመክረውም፤ ከዚያ ይልቅ በስፒናውና በሶኬቱ መካከል የሚገባ የዋት መለኪያ ይጠቀሙ። ኮምፕሬሰሩ ቆሞ መለኪያው የሂተሩን ዋት የሚያክል ቁጥር ካሳየ ቦርዱ ትዕዛዙን ሰጥቷል፣ ሂተሩም ተቀብሏል። ኢቫፖሬተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ እርስዎ በቁልፎቹ ዲፍሮስቱን አዝዘው ቁጥሩ ለዜሮ ከተጠጋ፣ ሦስቱ ዕቃዎችና ማገናኛዎቻቸውም ደህና ከሆኑ ቦርዱ ይጠየቃል። ቦርድ ከሁሉም ውዱ ዕቃ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይቀየራል እንጂ መጀመሪያ አይገመትም።

መቀየርና መግጠም

አዲሱ ዕቃ በማቀዝቀዣው ሞዴል ቁጥር የተገዛ ይሁን። «ይህም ይሆናል» ተብሎ የሚሰጥ ሂተር ርዝመቱ ቢመሳሰል እንኳ ዋቱ ከበለጠ ፊውዙን ሊያቃጥል፣ ካነሰ በረዶ ሊያስቀር ይችላል። አይሶቡቴን ለሚጠቀም ማቀዝቀዣ የሚሠራ ሂተር ደግሞ የውጭ ገጹ ሙቀት ጋዙ ከሚቀጣጠልበት 460 ዲግሪ በብዙ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ በሌላ ዓይነት አይተካ።

የመስታወት ሂተርን በባዶ እጅ አይንኩት፤ የጣት ቅባት በጋለ መስታወት ላይ ይቃጠልና የመሰንጠቅ ምክንያት ይሆናል። ከተነካ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁት። ሂተሩ በነበረበት መያዣ ላይ በትክክል ይቀመጥ፤ ከላዩ ያለው የላሜራ መከለያም ይመለስ፤ ያ መከለያ የቀለጠው ውኃ በጋለ መስታወት ላይ እንዳይንጠባጠብ የሚጠብቅ ነው። ቴርሞስታቱ ወይም ሴንሰሩ ከመፈታቱ በፊት በፎቶው ላይ በነበረበት ቱቦ ላይ ተጣብቆ ይያዝ፤ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ቢቀመጥ እንኳ በረዶው ሳያልቅ ሂተሩን ሊያስቆመው ይችላል።

ሽቦ ቆርጦ ማያያዝ ካስፈለገ ግንኙነቱ በየዕለቱ በረዶና ውኃ የሚፈራረቁበት መሆኑን ያስቡ። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ጥቂት ወራት አይቆይም። በማገናኛ ቱቦ ተጨምቆ ወይም ተበይዶ፣ ከላዩ ሙቀት ሲነካው በሚሰበሰብ ሽፋን ይታሸግ፤ የተያያዘበት ቦታም ውኃ እንዳይቋጥር ወደ ታች ዞሮ ከሂተሩ ርቆ ይታሰር። የመሬት ሽቦ ተፈትቶ ከነበረ ሳይመለስ አይቅር።

የውኃ መውረጃው

የቀለጠው ውኃ ከኢቫፖሬተሩ ሥር ባለው አሸንዳ ተሰብስቦ በቀጭን ቱቦ ወደ ኮምፕሬሰሩ አናት ትሪ ይወርዳል፤ እዚያም በኮምፕሬሰሩ ሙቀት ይተናል። ቱቦው ከተዘጋ ውኃው አሸንዳው ውስጥ ተመልሶ ይቀዘቅዛል፣ ወይም በታችኛው ክፍል ወለል ላይ ይፈስሳል። ሽፋኑ ተከፍቶ ሳለ ለብ ያለ ውኃ በትልቅ ስሪንጅ ወደ ቀዳዳው ይግፉ፤ ከኋላ ትሪው ውስጥ ሲወርድ ካልሰሙ ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቱቦ ቀስ እያደረጉ ይስደዱ። ሽቦ አይጠቀሙ፤ መውረጃውን ይበሳዋል። በቱቦው ታችኛ ጫፍ ላይ የጎማ አፍ ያላቸው ሞዴሎች አሉ፤ አፉ በአቧራና በዝቃጭ ይጣበቃልና አውልቀው በሳሙና ይጠቡት። አንዳንድ ሂተሮች ላይ ወደ ቀዳዳው የሚወርድ ትንሽ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ይገኛል። ትርፍ ብረት መስሎ የሚያወልቀው አለ፤ ሥራው የሂተሩን ሙቀት ወደ ቀዳዳው ማድረስ ስለሆነ በቦታው ይመለስ።

መልሶ ማስነሣት

ሽፋኑን ከመዝጋትዎ በፊት የፋኗን ክንፍ በጣትዎ ያሽከርክሩ፤ ምንም ሽቦ ሳይነካት መዞር አለባት። ውስጡን አድርቀው ሽፋኑን ይመልሱ፣ ስፒናውን ይሰኩ፣ ምግብ ሳያስገቡ ጥቂት ሰዓት ይተዉት። ሙቀቱ ተረጋግቶ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ የታችኛው ክፍል 4 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ፤ መቆጣጠሪያውንም ደጋግመው አያዙሩ። በመጀመሪያው ዲፍሮስት ላይ ከአዲሱ ሂተር ቀላል የመቃጠል ሽታ ቢመጣ የፋብሪካው ቅባት ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ላይም ካልጠፋ ግን ነቅለው ሽቦ የነካው ነገር እንዳለ ይመርምሩ።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከኋላ በኩል የኮምፕሬሰሩን ትሪ በእጅ ባትሪ ይዩት፤ ውኃ ወይም አዲስ የውኃ ምልክት ካለበት በረዶው እየቀለጠ እየወረደ ነው። ቀድሞ ሕመሙ በስንተኛው ቀን ያገረሽ እንደነበር ያስታውሱና ያ ቀን ሲያልፍ የታችኛውን ክፍል በቴርሞሜትር ይለኩ፤ የፍሪዘሩ የኋላ ግድግዳም በረዶ ለብሶ እንደሆነ በእጅዎ ይዳብሱት። ግድግዳው ደረቅ ሆኖ ከታች 4 ዲግሪ ከተነበበ ካቻቢቴውን ወደ ሳጥኑ መመለስ ይችላሉ።